ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን ገልብጡት፦ ንጥረ ነገሩን ከቆዳችሁ ጋር የማመሳከሪያ መመሪያ

መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምጠየቅ መቁጠር ትቻለሁ፦ «ለእኔ ፊት የሚሆነው ሰንስክሪን የቱ ነው?» አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ላይ ያየውን ያሳየኛል። ሌላዋ እህቷ ከአሜሪካ የላከችላትን ቱቦ ከቦርሳዋ ታወጣና «ይቺን ልቀባት?» ትለኛለች። ከኋላቸው ሰው ሲሰለፍ መልሴ ያጥራል። እዚህ ሰልፍ ስለሌለ ዘርዘር አድርጌ ጻፍኩት።

የብራንድ ስም አልነግራችሁም። ዛሬ ብነግራችሁ በሚቀጥለው ወር መደርደሪያ ላይ አታገኙትም፤ ያገኛችሁት ደግሞ ዋጋው ጣራ ነክቶ ይጠብቃችኋል። ጀርባውን ማንበብ ከቻላችሁ ግን የትኛውም ሱቅ ገብታችሁ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

- የምታወዳድሯቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰንስክሪኖች (ካልገዛችሁ የጀርባቸው ፎቶ ይበቃል)
- ካሜራ ያለው ስልክ፤ ጽሑፉ ጉንዳን ስለሚያክል ፎቶ አንስቶ ማጉላት ይቀላል
- ሶፍት
- መስታወትና የቀን ብርሃን
- ብዕርና ወረቀት
- አንድ ሳምንት ትዕግሥት (ለደረጃ 8)

ደረጃ 1፦ የፊታችሁን ዓይነት በሶፍት ለዩ

ፊታችሁን በለስላሳ ሳሙና ታጠቡና አድርቁት። ምንም ሳትቀቡ አንድ ሰዓት ቆዩ። ከዚያ ሶፍቱን ግንባር፣ አፍንጫ፣ ጉንጭና አገጭ ላይ ለየብቻ ጫን እያደረጋችሁ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት።

ሁሉም ጋ ወዝ ከታየ ፊታችሁ ወዛም ነው። ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ከሆነ ቅይጥ ነው። ሶፍቱ ንጹሕ ሆኖ ፊታችሁ ወጠር ካላችሁ ደረቅ ነው። አዲስ ነገር በነካው ቁጥር የሚያሳክከው፣ የሚቀላና የሚያቃጥለው ደግሞ ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ነው። ይሄኛው ከሦስቱም ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ጨረሩን የሚያቆመው ማገጃው ነው። ፊታችሁን የሚያወዛው፣ የሚያደርቀው ወይም ብጉር የሚያወጣው ግን ብዙ ጊዜ ማገጃው የተበጠበጠበት ክሬም ነው። ሰው «ሰንስክሪን አይስማማኝም» ሲለኝ አብዛኛውን ጊዜ ያልተስማማው ክሬሙ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ፈተናውን በዓመት ሁለቴ አድርጉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር የተወጠረ ፊት ክረምት ሲገባ ሊወዛ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ሰንስክሪኑ ምን እንዲያደርግላችሁ እንደምትፈልጉ በአንድ መስመር ጻፉ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። አትዝለሉት።

በእኛ ቆዳ ላይ ትልቁ ጣጣ ብዙ ጊዜ መቃጠል አይደለም። ጥቁር ቆዳ ከራሱ ሜላኒን (የቆዳ ቀለም) የሚያገኘው መከላከያ በጥናት ሲገመት ኤስፒኤፍ 13 ገደማ ነው (ኤስፒኤፍ፣ SPF፣ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር ምን ያህል እንደሚከላከል የሚለካ ቁጥር ነው)። ስለዚህ እንደ ፈረንጅ ቶሎ አንቀላም። በምትኩ ማድያት ይወጣል። ብጉሩ ከጠፋ በኋላ ጥሎት የሚሄደው ጥቁር ምልክትም ለወራት ይቆያል። ይህንን የሚያባብሱት ደግሞ ዩቪኤ የሚባለው ጨረርና በዓይን የሚታየው ብርሃን ናቸው። የሚታየው ብርሃን ጠቆር ያለ ቆዳን እንደሚያጠቁር፣ በጣም ነጭ ቆዳ ላይ ግን እንዲህ እንደማያደርግ በሙከራ ታይቷል። ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ምክር ሁሌም የማይሠራልን ለዚህ ነው።

እናም ከእነዚህ አንዱን ጻፉ፦ «ማድያት ወይም ጥቁር ምልክት አለብኝ»፣ «ብጉር ያስቸግረኛል»፣ «ቆዳዬ ቶሎ ይቆጣል»፣ «ቶሎ እቃጠላለሁ»፣ «ፀሐይ ላይ ነው የምውለው»። ሁለት ካላችሁ ይበልጥ የሚያስጨንቃችሁን አስቀድሙ።

ደረጃ 3፦ ፊት ለፊቱን አንብቡ፣ የማያሟላውን መልሱ

ሁለት ነገር ብቻ ፈልጉ።

አንደኛ፣ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ። ኤስፒኤፍ 15 ዩቪቢ የሚባለውን የሚያቃጥል ጨረር 93 በመቶ ያህል ያግዳል። 30 ሲሆን 97፣ 50 ሲሆን 98 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከ50 ወደ 100 ስትሄዱ የምታገኙት ጭማሪ አንድ በመቶ ነው። «መቶ አለው» ተብሎ እጥፍ ዋጋ ቢጠራባችሁ ይህን አስታውሱ።

ሁለተኛ፣ የዩቪኤ ምልክት። ኤስፒኤፍ የሚለካው በዋናነት ዩቪቢን ነው፤ ስለ ዩቪኤ በቂ ነገር አይነግራችሁም። በአውሮፓ ምርት ላይ ዩቪኤ የሚሉት ፊደላት በክብ ውስጥ ይጻፋሉ። ትርጉሙ የዩቪኤ መከላከያው ቢያንስ የኤስፒኤፉ አንድ ሦስተኛ ነው ማለት ነው። በኮሪያና በጃፓን ምርት ላይ ፒኤ ከሚለው ቀጥሎ የመደመር ምልክት ታያላችሁ፤ አራት መደመር ከፍተኛው ነው። በአሜሪካ ምርት ላይ «ብሮድ ስፔክትረም» ይላል፤ ሁለቱንም ጨረር ይሸፍናል ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱም ከሌለ መልሱት። ኤስፒኤፉ ስንትም ይሁን መልሱት።

ዩቪኤ መስታወት ያልፋል። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር የምትቀመጡ፣ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛችሁ ከመስኮት አጠገብ የሆነ፣ እናንተንም ይመለከታል።

ደረጃ 4፦ ገልብጡትና ማገጃዎቹን ፈልጉ

ከአሜሪካ የመጣ ቱቦ ይቀላል። ከላይ «አክቲቭ ኢንግሪዲየንትስ» የሚል ሳጥን አለው፤ ማገጃዎቹ ከነመቶኛቸው ተዘርዝረዋል። የአውሮፓና የኮሪያ ምርት ላይ ግን ከሌላው ግብዓት ጋር ተቀላቅለው ነው የሚገኙት። በአብዛኛው መጠናቸው የማይነገር ሲሆን ብዙ ያለው ቀድሞ ይጻፋል።

ሰው የሚደናገረው አንድ ነገር ሁለት ስም ስላለው ነው። ይህን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፦

- አቮቤንዞን = ቡቲል ሜቶክሲዳይቤንዞይልሜቴን
- ኦክቲኖክሴት = ኢቲልሄክሲል ሜቶክሲሲናሜት
- ኦክቲሳሌት = ኢቲልሄክሲል ሳሊሲሌት
- ኦክሲቤንዞን = ቤንዞፌኖን-3
- ቲኖሶርብ ኤስ = ቢስ-ኢቲልሄክሲሎክሲፌኖል ሜቶክሲፌኒል ትራያዚን
- ዩቪኑል ኤ ፕላስ = ዳይኢቲልአሚኖ ሃይድሮክሲቤንዞይል ሄክሲል ቤንዞኤት
- ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ = አንዳንዴ ሲአይ (CI) 77891 ተብሎ ብቻ ይጻፋል
- ዚንክ ኦክሳይድ = አንዳንዴ ሲአይ 77947

ስሞቹን በቃል መያዝ አይጠበቅባችሁም፤ እኔም ሥራዬ ሆኖ ነው። መጀመሪያቸውንና መጨረሻቸውን ማስተያየት ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ማገጃዎቹን አወዳድሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

*ዚንክ ኦክሳይድ።* ብቻውን ሆኖ ዩቪኤንም ዩቪቢንም በሰፊው የሚሸፍን ማዕድን ነው። ቆዳ ላይ ገር ነው፤ ዓይን አያቃጥልም። ለሚቆጣ ቆዳ፣ ለነፍሰ ጡርና ስድስት ወር ለሞላቸው ሕፃናት መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው። ችግሩ ነጭ መሆኑ ነው። ጠይም ፊት ላይ አመድ የተነፋበት ያስመስላል። እኔ ራሴ አንዴ ለዘመድ ሠርግ ተለቅልቄ ሄጄ ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ ወይስ በዱቄት የተነከረ ሰው ብዬ ነበር።

*ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ።* ይህም ማዕድንና ገር ነው። ነገር ግን ሞገዱ ረጅም በሆነው ዩቪኤ ላይ ከዚንክ ይደክማል፤ ነጭነቱም ይብሳል። ማገጃው ቲታኒየም ብቻ የሆነ ሰንስክሪን ማድያት ላለበት ሰው አልመርጥም።

*አቮቤንዞን።* ነጭ ሽፋን አይተውም፣ ረጅሙን ዩቪኤም በደንብ ያግዳል። ግን ብቻውን ሲሆን ፀሐይ ራሷ ታፈርሰዋለች። ስለዚህ ጓደኛውን ፈልጉ፦ አቮቤንዞን ካለ ኦክቶክሪሊን ወይም ቲኖሶርብ ኤስ አብሮት መኖር አለበት። ከኦክቲኖክሴት ጋር ብቻ ተጣምሮ ካያችሁት ተዉት፤ ኦክቲኖክሴት ይበልጥ እንዲፈርስ ነው የሚያደርገው። አቮቤንዞን ላብ ይዞት ወደ ዓይን ሲወርድ ሊያቃጥልም ይችላል።

*ኦክቶክሪሊን።* አቮቤንዞንን ደግፎ ያቆማል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለው፦ ለጉልበት ወይም ለወገብ ሕመም ኬቶፕሮፌን የሚባል ጄል ተቀብታችሁ በፀሐይ ሰበብ ቆዳችሁ ከተቆጣ፣ ኦክቶክሪሊንም ሊያስቆጣችሁ ይችላል። ከዚህ ሌላ፣ ምርቱ ሲያረጅ ኦክቶክሪሊን ቀስ በቀስ ቤንዞፌኖን ወደሚባል የማይፈለግ ነገር ይለወጣል። ያለፈው ዓመት ቱቦ «ግማሽ ቀርቶታል» ተብሎ የማይቀመጠው በዚህም ጭምር ነው።

*ሆሞሳሌትና ኦክቲሳሌት።* ሥራቸው ዩቪቢ ላይ ነው። ኤስፒኤፉን ከፍ ያደርጋሉ፤ ማድያትን በተመለከተ ግን ብዙ አይጠቅሟችሁም።

*ኦክሲቤንዞን።* አለርጂ በማስነሳት ስሙ ከማገጃዎች ሁሉ ይበልጥ ይነሳል። ሌላ ምርጫ እያለ አልወስደውም።

*ቲኖሶርብ ኤስና ዩቪኑል ኤ ፕላስ።* ፀሐይ ላይ ቶሎ አይፈርሱም፣ ዩቪኤን በደንብ ይሸፍናሉ፣ አመድ አያስመስሉም። ጠይምና ወዛም ፊት ላላቸው በጣም ይመቻሉ። በአውሮፓና በኮሪያ ምርቶች ላይ በብዛት አሉ፤ ከአሜሪካ በመጣ ቱቦ ላይ ግን አትጠብቋቸው።

«ኬሚካሎቹ ወደ ደም ይገባሉ አሉ» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ በ2019 እና በ2020 የታተሙ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥናቶች አቮቤንዞንን፣ ኦክቶክሪሊንንና ሌሎችንም ደም ውስጥ አግኝተዋል። መሥሪያ ቤቱ ያኔውኑ «መገኘቱ ጎጂ ነው ማለት አይደለም፣ መቀባት አታቁሙ» ብሏል። ከከነከናችሁ ዚንክና ቲታኒየም አሉላችሁ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ከነጭራሹ የማያየው ነገር፦ *አይረን ኦክሳይድ።* የብረት ቀለም ነው። ጀርባው ላይ ሲአይ 77491 (ቀይ)፣ ሲአይ 77492 (ቢጫ) እና ሲአይ 77499 (ጥቁር) ተብሎ ይጻፋል። በሕግ የፀሐይ ማገጃ ተብሎ አይቆጠርም፤ ግን የሚታየውን ብርሃን የሚያግደው እሱ ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸው ግልጽ ሆነው የሚቀቡት ማገጃዎች ይህን ሥራ አይሠሩም። ማድያት ካለባችሁ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ፈልጉ። «ቲንትድ» የሚባሉት ቀለም ያላቸው ሰንስክሪኖች ውስጥ ነው የሚገኙት።

ቀለማቸው ለእኛ ፊት ሲነጣ ግን ያጋጥማል። ያን ጊዜ ግልጽ የሆነውን ሰንስክሪን ቀቡና ከላዩ ከፊታችሁ ጋር የሚሄድ ፋውንዴሽን ወይም ፓውደር ደርቡ። ጀርባውን እዩት፤ ሦስቱ ቁጥሮች አብዛኛው ፋውንዴሽን ውስጥ አሉ። ይህ ዘዴ ብዙ ወጪ አድኗል።

ደረጃ 6፦ የቀረውን ዝርዝር ከቆዳችሁ ጋር አስማሙ

*ወዛም ፊት፦* ጄል ወይም ፍሉይድ የሚል ምረጡ። ሲሊካና ናያሲናማይድ ካላቸው ጥሩ ነው። ኮኮናት ኦይል ወይም ኮኮዋ በተር ከዝርዝሩ አናት ላይ ካያችሁ ይቅር። አልኮሆል ያለው ቶሎ ስለሚደርቅ ለእናንተ ችግር ላይሆን ይችላል።

*ደረቅ ፊት፦* ክሬም ምረጡ። ግሊሰሪን፣ ሶድየም ሃያሉሮኔት፣ ሴራማይድ፣ ስኳሌን የሚሉትን ፈልጉ። «አልኮሆል ዴናት» ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ካለ ተዉት።

*የሚቆጣ ቆዳ፦* አጭር ዝርዝር ያለውን ምረጡ። «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚል፣ ሊሞኔንና ሊናሎል የሚል ካለ እለፉት። ማገጃው ዚንክ ይሁን።

*ብጉር ያለበት፦* እንደ ወዛም ፊት ምረጡ። «ኖን ኮሜዶጄኒክ» (የቆዳ ቀዳዳ አይደፍንም) የሚለው ጽሑፍ ፍንጭ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ሁሉም አምራች የሚለካበት አንድ መስፈርት የለውም።

*አልቢኒዝም ያለበት ሰው፦* እዚህ ስለ ውበት አይደለም የማወራው። ቆዳው የራሱ መከላከያ ስለሌለው የቆዳ ካንሰር አደጋው ከፍተኛ ነው። ኤስፒኤፍ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ጠንካራ የዩቪኤ ምልክት ያለው፣ ውኃ የሚቋቋም ይሁን። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና መነጽር ግን ከክሬሙ ይቀድማሉ።

*ፀሐይ ላይ የሚውል፦* ትራፊክ፣ ግንበኛ፣ ሯጭ፣ አስጎብኚ፣ ዓረብ አገር ከቤት ውጭ የምትሠሩ፣ «ዋተር ሬዚስታንት» የሚል ፈልጉ። በአሜሪካ ምርት ላይ 40 ወይም 80 ደቂቃ ተብሎ ይጻፋል፤ በላብም ሆነ በውኃ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ለዓይን ዙሪያ ለብቻ ዚንክ ያዙ።

ደረጃ 7፦ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ

እንዴት እንደሚደረግ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ጉንጮቿ ላይ ማድያት የወጣባት እናት ናት እንበል። ፊቷ ወዛም ነው። ሁለት ቱቦ ይዛ መጣች።

አንደኛው ከአሜሪካ የተላከ ነው። ኤስፒኤፍ 70፣ ብሮድ ስፔክትረም። አቮቤንዞን 3 በመቶ፣ ሆሞሳሌት፣ ኦክቲሳሌት፣ ኦክቶክሪሊን። ሁለተኛው ኤስፒኤፍ 50፣ ክብ ውስጥ ዩቪኤ። ዚንክ ኦክሳይድ፣ ቲኖሶርብ ኤስ፣ ሲሊካ፣ ከታች ሦስቱ የብረት ቀለሞች።

ቁጥር የሚያይ ሰው 70ውን ያነሳል። ደረጃ 2 ላይ ግን የጻፈችው «ማድያት» ነው። የመጀመሪያው አቮቤንዞኑም ደጋፊው ኦክቶክሪሊንም አለው፤ መጥፎ ምርት አይደለም። የሚታየውን ብርሃን ግን አያግድም። ሁለተኛው ያግዳል፤ ሲሊካውም ወዟን ይይዝላታል። ስለዚህ ለፊቷ ሁለተኛው። የአሜሪካውን ለአንገቷ፣ ለእጇና ለልጆቹ አባት ትስጠው፤ አይጣልም።

እናንተም ወረቀቱን ለሁለት ከፍላችሁ አራት ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ ዩቪኤን ማን ያግደዋል? ማገጃው ፀሐይ ላይ ይቆያል? የብረት ቀለም አለው? ቆዳዬን የሚያስቆጣ ነገር አለበት? ከዚያ በኋላ ዋጋውን ለሚሊ ሊትሩ አካፍሉ። 30 ሚሊ ሊትሩ ረክሶ የሚታየው ከ50ው ሊወደድ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ከመተማመናችሁ በፊት ሞክሩት

ቀለሙን፦ መንጋጋችሁ ላይ ቀብታችሁ ከሱቁ ደጃፍ ውጡና በቀን ብርሃን እዩት። የሱቅ መብራት ያታልላል። አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ገና ሲቀባ የነጣ ሲደርቅ የሚስተካከል አለ።

አለርጂውን፦ የክንዳችሁን ውስጠኛ ክፍል የአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ያህል ቀቡ። ጠዋትና ማታ፣ ለሰባት ቀን፣ እዚያው ቦታ። ካሳከከ፣ ካበጠ፣ ሽፍ ካለ ታጠቡትና አቁሙ። አንድ ቀን ብቻ ሞክሮ «ምንም አላደረገኝም» ማለት አያስተማምንም፤ አለርጂ ቀናት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ብጉር ያወጣል አያወጣም የሚለውን ግን ክንድ አይነግራችሁም፤ ፊታችሁ ላይ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል።

ደረጃ 9፦ በልኩ ቀቡ

የተጻፈው ኤስፒኤፍ የተለካው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ከዚያ ካነሰ 50ውም 50 አይደለም። በቤት መለኪያ ሲሆን፦ የጠቋሚና የመሃል ጣታችሁን ከጫፍ እስከ ሥር በሁለት መስመር ሙሉት። ያ ለፊት ነው። ለአንገትና ለጆሮ ጨምሩ። ለመላ ሰውነት ግማሽ የቡና ሲኒ ገደማ ይፈጃል።

ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ቀቡ። ውጭ ከሆናችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ። ቅደም ተከተሉ ማለስለሻ፣ ሰንስክሪን፣ ከዚያ ሜካፕ ነው።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ቱቦውን እዩት። 50 ሚሊ ሊትሩን በቀን ሁለቴ በልኩ የሚቀባ ሰው አንድ ወር ገደማ ውስጥ ይጨርሰዋል። ስድስት ወር ከቆየላችሁ ቆጣቢ ሆናችሁ አይደለም፤ እየቀባችሁ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*ነጩን ሽፋን እንደ ጥቅም ማየት።* «ያቀላኛል» ብሎ የሚገዛ አለ። አያቀላም። ሲታጠብ ይሄዳል።

*በክረምት መተው።* አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዩቪ ኢንዴክስ በሚባለው የጨረር መለኪያ ከ3 ጀምሮ ተጠንቀቁ ይላል፤ የእኛ እኩለ ቀን በብዙ ወራት 11ን ያልፋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ የከበደው ነው።

*ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም ኮኮናት ኦይል መተካት።* ያለሰልሳሉ እንጂ እንደ ሰንስክሪን አያግዱም።

*ዚንክ ዱቄት ገዝቶ ክሬም ውስጥ መበጥበጥ።* ዱቄቱ እኩል አይበተንም። አንዱ ጋ ይጓጉላል፣ ሌላው ጋ ክፍት ይቀራል፤ በዓይን ደግሞ አታዩትም።

*ከፋውንዴሽን ጋር መዳፍ ላይ መቀላቀል።* ሽፋኑ ይሳሳል። ደርቡ እንጂ አትቀላቅሉ።

*መኪና ውስጥ ማስቀመጥ።* ሙቀት ክሬሙን ይለያየዋል። ውኃና ዘይት ሆኖ ከወጣ ጣሉት። ስትገዙም የማብቂያ ቀኑን፣ ማሸጊያውንና የፊደል ስህተት መኖሩን ተመልከቱ፤ የተከፈተ ማሰሮ ምስል ላይ ያለው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው።

ማስጠንቀቂያ

- ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ሰንስክሪን አትቀቡ። ጥላና ልብስ ይበቃዋል።
- ዶክሲሳይክሊን፣ አይሶትሬቲኖይን ወይም ትሬቲኖይን የምትጠቀሙ ቆዳችሁ ለፀሐይ ስስ ይሆናል። መድኃኒቱን የሰጣችሁን ባለሙያ ሰንስክሪን ስለመቀባት ጠይቁ።
- ፊታችሁን ለማቅላት ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ለወራት ስትቀቡ ከቆያችሁ፣ ሰንስክሪን ብቻውን አያስተካክለውም። በድንገት ማቆምም ፊቱን ክፉኛ ሊያስቆጣው ይችላል። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።
- የማይድን ቁስል፣ የሚያድግ ወይም ቅርጹ የሚለወጥ ጥቁር ነጥብ፣ በተለይ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ፣ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ነጠላ ለምትለብሱ

ይሄ ጥያቄ ከበዓል ማግስት ነው የሚመጣብኝ። «ነጠላዬ አንገቱ ጋ ዝገት መሰለ፣ በበረኪና ባጥበው ባሰበት።» ጥፋተኛው አቮቤንዞን ነው። ውኃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ ብርቱካናማ ቀለም ይሰጣል፤ በረኪና ደግሞ ያጸናዋል። የእኔንም አንድ ነጠላ እንዲሁ ጉድ ሠርቶታል።

ነጭ በምትለብሱበት ቀን አቮቤንዞን የሌለበትን ምረጡ፤ ቀለም ያለው ሰንስክሪንም ነጭ ላይ እንደሚታተም አትርሱ። ቀብታችሁ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ነጠላውን አትልበሱ። እድፉ አንዴ ከያዘ በረኪናውን ተዉት። መጀመሪያ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቅባቱን አስለቅቁ፣ አለቅልቁ፣ ከዚያ እድፉ ላይ ሎሚ ጭመቁበትና ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ሞክሩ። ካልለቀቀ ሎሚውን ድገሙት። ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ግን አትተኩሱት።